ለድንቢጥ ሰሌዳ ያዥ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዳሌሽስ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዝሻል ወይስ ለቀቅ አድርጎሻል? ምርኩዝሽን ቤት ትተሽ እስከ ገበያ ደርሰሽ እንደተመለስሽ እህትሽ ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትምና ጋራዡ ድረስ ሮጬ ለአባዬ ነገርኩት። እሱ ከሚፍቀው ብረት ቀና ሳይል «እ» ብቻ አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። ፉጨቱ ምን ያህል እንደሚያስጠላ ታውቂዋለሽ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልተቆጣውም።

እኔን ከጠየቅሽ ከናፍቆትሽና ከአባዬ ንዝንዝ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ቤቱም ደህና ነው። የኩሽናው ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። አባዬ የሰው መኪና እንጂ የራሱን ቧንቧ አይጠግንም፤ እኔም የመኪና ኤሌክትሪክ እንጂ ውኃ አይመለከተኝም ብዬ እልኸኛ ሆኛለሁ። ስለዚህ ባልዲ አስቀምጠንለታል።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ። ስልክ ላይ የመኪናሽን የድንቢጥን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ትይኛለሽ፤ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ግን ያው ኔትወርክ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወረቀት አይቆራረጥም። ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ይዤ የመጣሁት ምስጋናና ልመና ነው። ልመናው ከበድ ስለሚል ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ አሁን ግን ይህን ያህል ልንገርሽ፦ ድንቢጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወዳደርበት ቀን ደርሷል፣ ያንቺ እሺታ ካልመጣ ግን መነሻው መስመር ላይ አትቆምም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የውድድሩ መኪና መርማሪ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ።

ስትሄጂ «ለብረት ገዢ ስጧት፤ ዓይኔ እንዳያያት» ብለሽ ነበር። አባዬ እሺ አለሽ። እሺ ብሎም ሸራ አልብሶ ጋራዡ ጀርባ አቆማት። ብረት ገዢው በመጣ ቁጥር «ቁልፏ ጠፍቶብኛል» ይለዋል። ቁልፍ ለቁርጥራጭ ብረት ምን ያደርጋል? ሰውዬው እንኳ ገብቶት መጠየቁን ተወ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አባዬ ማንንም ሳያናግር ይወጣና ሸራውን አስተካክሎ ይመለሳል። ስለ እሷ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት የተፈጠረው ለእሱ ይመስለኛል።

እኔ ደግሞ ከዚያ አደጋ ወዲህ ሹፌር አጠገብ መቀመጥ አልሆንልኝ አለ። ታክሲ ውስጥ ከፊት ክፍት ቦታ እያለ ኋላ ሄጄ ከሰው ጋር እጣበቃለሁ። ጓደኛዬ ስትነዳ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል። የማልፈራው መሪው በራሴ እጅ ሲሆን ብቻ ነው። ያንን ይዤ ውድድር ሜዳው ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ገባሁ፤ በእነሱ መኪና ተማርኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ። አስተማሪው «ማን ነው መንዳት ያስተማረሽ? ፍሬን አያያዝሽ የአሮጊት ነው፣ ግን አንዴም አልሳትሽም» አለኝ። «ፍሬን ለፈሪ አይደለም፣ ለመድረስ ለሚፈልግ ነው» የሚለውን ያንቺን ነገር ነገርኩት። አሁን ለተማሪዎቹ ሁሉ የራሱ አስመስሎ ያወራዋል።

የራሴ መኪና ስፈልግ ሐሳቤ ሁሉ ወደ ሸራው ሄደ። ድንቢጥ መንገድ ላይ እንዳትወጣ ተፈርዶባታል፤ ታርጋዋም ተመልሷል። ሜዳ ላይ ግን፣ በደንብ ከተሠራች፣ መሮጥ ትችላለች። ደግሞ የውድድር መኪና ወንበሩ አንድ ብቻ ነው፤ አጠገብ የሚቀመጥ የለም። አንቺን በስልክ ስጠይቅሽ «እንደወደድሽ» ብለሽ ዘጋሽው። «እንደወደድሽ» ፈቃድ ይሁን ኩርፊያ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም፤ እኔ ግን ለሚመቸኝ ተረጎምኩት።

ስለዚያ ቀን ትንሽ ማንሳት አለብኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳላነሳው ምስጋናዬ አይገባሽም። የሆነውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሰው ምን ሲል እንደነበር ግን በሙሉ የሰማሽ አይመስለኝም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዝናብ ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊታችን የሚመጣው የጭነት መኪና ፍሬኑ አልያዘለትምና ተንሸራቶ አፍንጫውን እኛ መስመር ውስጥ ከተተ። በግራ በኩል እሱ የለቀቀው መንገድ ባዶ ነበር፤ በቀኛችን ደግሞ የድንጋይ ግንብ። አንቺ ወደ ግንቡ ዞርሽ። እኔ ያለሁበት ጎን ግንቡን ታኮ ተጫረ፤ የጭነት መኪናው ደግሞ ያንቺን በር ይዞ ገባ። እኔ በሁለት እግሬ ወጣሁ። አንቺን ግን በር ቆርጠው ነው ያወጡሽ።

ከዚያ ወሬው ጀመረ። አክስቴ፣ የአባዬ እህት፣ «የመንጃ አስተማሪ ሆና ባዶ መንገድ ትታ ግንብ ላይ ትነዳለች?» ብላ ለመጣ ለሄደው አወራች። «ልጅቷን ከድንጋይ ጋር ልትለጥፋት! እንጀራ እናት ምንጊዜም እንጀራ እናት ናት» ያለችውንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን የትራፊክ ፖሊሱም እሷም ሲጠይቁኝ መልሴ «አላየሁም» ነበር፤ እውነትም አላየሁም። አባዬ እንደ ልማዱ ዝም አለ። አንቺም አልጋሽ ላይ ሆነሽ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልሽና ነገሩን ዘጋሽው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ጭራሽ ዛፉ ራሱ ምሳር ሲያቀብል ማን እምቢ ይላል? ተማሪዎችሽን ለሌላ አስተማሪ ሰጥተሽ፣ ከሆስፒታል እንደወጣሽ «ለማገገም» ብለሽ እህትሽ ከተማ ሄድሽ። ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ።

አሁን ወደ ድንቢጥ ልመለስ።

ሸራውን ስንገፍፍላት ያንቺ የፀሐይ መነጽር ከወንበሩ ስር ወደቀ። መስታወቱ እንኳ ሳይሰበር። አባዬ በሸሚዙ ጠርጎ ኪሱ ከተተው፤ አሁንም እዚያው ነው መሰለኝ። ከዚያ የእኔ ሥራ መጣ። ባትሪዋን ነቅዬ፣ ያልፈነዱትን የአየር ከረጢቶች በሥርዓቱ አወጣሁ፤ ሳይታሰብ ፈንድተው ሰው እንዳይጎዱ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ቀጥሎ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ወጣ፦ ምንጣፍ፣ ስፖንጅ፣ የጣሪያው ጨርቅ። የዚያን ቀን ያሰሩን ቀበቶዎች ምንም ያልሆኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንዴ ሰው የያዘ ቀበቶ ሁለተኛ አይታመንም ተብሏልና ቆርጬ ጣልኳቸው። ባለውለታ መቁረጥ ይከብዳል።

አባዬን ታውቂዋለሽ። ባትላሜራ ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሥራው የተጎዳን ነገር ያልተጎዳ ማስመሰል ነው። የተጣመመውን ይስባል፣ ያሞቃል፣ ይቀጠቅጣል፣ ስቱኮ ይመርጋል፣ ይቀባል። ባለመኪናው መጥቶ የተመታችበትን ጎን ሲያጣው ነው የአባዬ ሆድ ቅቤ የሚጠጣው። ድንቢጥንም እንደዚያው ሊስብ ሰንሰለት አሰረ። እኔ የተማርኩትን ይዤ ገታሁት፦ የታጠፈ ብረት ቢቀናም የቀድሞ ጉልበቱ የለውም፣ ለመንገድ ቢያስመስል ለሜዳ አይሆንም አልኩት። የሌላ መኪና በር እየቀጠቀጥን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ከኋላዋ ተመትታ የወደቀች የድንቢጥ አምሳያ አገኘንና የተጎዳውን ጎን ሙሉ፣ ደፉን፣ ወለሉን፣ የመካከለኛውን ምሰሶ፣ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጠን በዚያችኛው ጤነኛ አካል ተካነው። ማዕዘን ከማዕዘን ስንለካት ልክ ሆነች። አባዬ «የሁለት ሙት አንድ ሕያው» አለና ሳቀ።

ቀጥሎ ውስጧ የሚበየደው የቱቦ አጽም መጣ። ይህ መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያው ሹፌሩ ላይ እንዳይወርድ የሚሸከም ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። አባዬ «እኔ ነኝ የምበይደው፣ ልጄ የምትቀመጥበትን ሌላ ሰው አይነካውም» ብሎ ጋራዡን ከውስጥ ቆልፎ ሠራ። ሲከፍትልኝ እትዬ፣ ማመን አቃተኝ። አንድም የብየዳ ምልክት አይታይም። ቱቦዎቹ ከእናታቸው ማህፀን እንደተቃቀፉ የወጡ ይመስላሉ። መጋጠሚያውን ሁሉ በግራይንደር ፍቆ፣ አለስልሶ፣ ስቱኮ ነክቶ፣ እንደ ሙሽራ አልጋ ነጭ ቀብቶታል። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና «አቤት ማማሩ!» አልኩ። ሁለታችንም ደንቆሮ ሆነን በኩራት ቆመን አየነው።

መርማሪው መጣ። ውድድር ሜዳው ላይ መኪኖችን የሚፈትሽ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ «ኮስታራው» ነው የሚለው፣ ሲስቅ ያየ ሰው ገና አልተገኘም። ገና በር ላይ ሆኖ ደብተሩን ገለጠና «ባለቤቱ ማነው?» አለ። አባዬ «ባለቤቴ» አለው። ኮስታራው «እኮ፣ የመኪናዋ ባለቤት ማነው?» አለ። አባዬ «ባለቤቷማ ባለቤቴ ናት» አለ። ኮስታራው እስክሪብቶውን አወረደና «ያንተን ባለቤት አይደለም የጠየቅሁት፣ የሷን ባለቤት ነው» ሲል አባዬ «እሱን እኮ ነው የምልህ» ብሎ ተቆጣ። እኔ ገብቼ መኪናዋ በሚስቱ ስም እንደሆነች ባልነግረው እዚያው ይመሽባቸው ነበር። ልብ በይ እትዬ፣ «ባለቤቴ ነበረች» አላለም። ደጋግሞ ተጠይቆ ደጋግሞ «ባለቤቴ» ነው ያለው። እኔ አልጨምርም አልቀንስም፤ የሰማሁትን ነው የምጽፍልሽ።

ኮስታራው ገብቶ መጋጠሚያዎቹን በጥፍሩ ዳሰሰ። ዳሰሰና «የታለ ብየዳው?» አለ። አባዬ ደረቱን ነፍቶ «አይታይም!» አለ። «እኔ እኮ ለማየት ነው የመጣሁት» አለው ኮስታራው። ከዚያ ሳይቆጣ አስረዳን፦ ብየዳው ሲፋቅ ጉልበቱም አብሮ ይፋቃል፤ በስቱኮ ሲሸፈን ደግሞ ቢሰነጠቅ እንኳ ማንም ሳያየው ልጅቷን ይጥላታል። ጠባሳው መታየት አለበት፣ ጠባሳው ነው የሚይዛት አለ። አባዬ በሕይወቱ ሥራው እንዲህ ሲነወር ሰምቶ አያውቅምና መዶሻውን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ እንደገና አስቀመጠ። እኔ ልስቅም ላለቅስም ፈለግሁ። ያ ሁሉ ልፋት ሊቆረጥ ነው።

ኮስታራው ግን አልሄደም። እንዲህ ያማረ ሽፋን ስር ሌላ ምን እንደተደበቀ ማወቅ አለብኝ አለና «ከእሷ የቆረጣችሁት ብረት አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አባዬ አንድ ነገር ጥሎ ያውቃል? ሁሉንም ከጀርባ እየጎተተ አወጣ። ኮስታራው የተጨማደደውን ደፍና ምሰሶ፣ ያንቺን በር፣ የፊት ጎማ የሚያዞረውን የተጣመመ ክንድ፣ እያንዳንዱን በቀድሞ ቦታው ልክ ከድንቢጥ ጎን መሬት ላይ ደረደረው። ከዚያ በጠመኔ ምቱ ከየት ገብቶ የት እንደሄደ መስመር ያሰምር ጀመር፤ ኃይሉ ያልታየ ቦታ ላይ ሌላ ጉዳት ትቶ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው። ጎንበስ ቀና ሲል ቆይቶ ክንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። አንስቶ አገላብጦ አየው። ወደ ቀኙ በር ዞሮ ግንቡ የጫረውን አየ። እንደገና ወደ ግራ መጣ።

የት ቦታ፣ ምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደነበር ጠየቀንና አባዬ ነገረው፤ በግራ ባዶ መስመር፣ በቀኝ ግንብ እንደነበር። አክስቴ የምትለውን ዓይነት ነገር ይላል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ኮስታራው ክንዱ የተጣመመበትን አቅጣጫ እያሳየ እንዲህ አለ፦ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ሳለ ነው የተመታችው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚሄደው ክፍት ወደሆነው ነው፣ ራሱን ለማውጣት። ወደ ግራ ቢዞር ሹፌሩ ያመልጥ ነበር፤ ያ የጭነት መኪና ግን የሚያገኘው ቀኙን፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ነበር። ይህ ሹፌር ቀኙን ከግንቡ ጋር አስጠግቶ የራሱን ጎን ሰጠ። «ተሳስቶ አይደለም» አለ፤ «ይህን ያህል የሚጠመዘዝ መሪ በስህተት አይጠመዘዝም። ማን ነበር የሚነዳው?»

አባዬ «ባለቤቴ» አለ። ኮስታራው «አጠገቧስ?» ሲለው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውዬው አየኝ። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «አይ እናት!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ «እናትሽ አሁን ደህና ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ብርድ ሲሆን ዳሌዋን ያማታል እንጂ ደህና ናት» አልኩት።

እትዬ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ጨው ላቀበለም ይባላል፤ ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል ቢኖር ብዬ ፈለግሁ፣ የለም። ስለዚህ ያለውን ልበልሽ፦ አመሰግንሻለሁ። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ስታጠብ አመሰግንሻለሁ። በጤነኛ እግሬ ደረጃ ስወጣ አመሰግንሻለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ስምሽ ሲጎተት ዝም ብለሽ ስለቻልሽው ደግሞ አመሰግንሻለሁም፣ ተቆጥቼሻለሁም። ለምን አልነገርሽንም? ልጅቷ ዕዳ እንዳይሰማት ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ግን በደስታ የሚሸከሙት ዕዳም አለ እኮ።

አባዬ ያን ዕለት ወደ ጓሮ ወጣ። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ፤ ሲመለስ ፊቱ ረጥቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ «አቧራ ገባብኝ» አለ። በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ አክስቴ ቤት ሄደ። ምን እንዳላት እሱ አልነገረኝም፤ የነገረችኝ እሷ ናት፣ ደውላ እያለቀሰች። ተቀመጥ ብትለው እምቢ ብሎ በር ላይ ቆሞ ተናገረ አለች፤ ከተወለደ ጀምሮ የተናገረው ቢደመር ያን አያህልም አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይን ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ዘግይተናል። ግን ጮኸናል።

ከዚያ በኋላ ድንቢጥ በአዲስ መልክ ተሠራች። ያ ያማረ አጽም ተቆርጦ ወጣ። አባዬ በራሱ አንደበት «እኔ ማሳመር እንጂ ማሳየት አልችልበትም» አለና የነዳጅ ቦቴ የሚበይደውን ጎረቤታችንን ለመነው፤ ምስክር ወረቀት ያለው ነው፣ ቦቴ ላይ የሚሳሳት በያጅ ዕድሜ የለውም። እሱ ሲበይድ አባዬ ቱቦ ያዥ ሆነ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ጠባሳ አለ፤ ላዩ ላይ ስስ ቀለም ብቻ፣ ስንጥቅ ቢመጣ ወዲያው እንዲታይ። አባዬ መጀመሪያ ሰሞን ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። አሁን ሰው ሲመጣ ባትሪ አብርቶ እያሳየ «እየው ጠባሳውን!» ይላል። ወንበሯ አንድ ወጥ ነው፣ ወለሉ ላይ በወፍራም ብረት ታስሯል። ቀበቶው አዲስ ነው፤ ትከሻ፣ ወገብና ጭን ይይዛል። ራሴ ሊነካው የሚችለው ቱቦ ሁሉ ስፖንጅ ለብሷል። ከነዳጁና ከእኔ መካከል የብረት ግድግዳ አለ፣ እሳት ማጥፊያው በእጄ ስር ነው። ከውስጥም ከውጭም ኤሌክትሪኩን በአንዴ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጌያለሁ፤ የሱ ሥራ የእኔ ነውና ስለሱ ለብቻው ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ግን ታዛጊያለሽ። የቀኙን በር ጭረት ግን ለአባዬም ለማንም አላስነካሁም። ግንቡ የጫረው እንዳለ አለ።

ኮስታራው ድጋሚ መጥቶ አየና ፈተሸ፣ አንኳኳ፣ ቱቦዎቹ ላይ ተንጠለጠለ። «አለፈች» አለ። አባዬ ሊያቅፈው ሲሄድ ሸሸው።

እንግዲህ ልመናዬ እዚህ ጋ ነው። በጀማሪዎች ውድድር ሬዲዮ አይፈቀድም። ለእያንዳንዱ ነጂ በመወዳደሪያው መንገድ ዳር ከመከላከያው ግንብ ጀርባ አንድ ሰው ይቆማል፤ ሰሌዳ ይይዛል። ስንት ዙር እንደቀረኝ ይጽፍልኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ከውስጥ የማላየውን እሱ ያያል። ጭስ፣ ዘይት፣ የላላ ጎማ ካየ «ግቢ» የሚል ሰሌዳ ያወጣል። ለልምምዱ ቀን አባዬ ያዘ። የመጀመሪያውን ዙር ሳልፍ ሰሌዳው ተዘቅዝቋል። ሁለተኛውን ሳልፍ ሰሌዳው ፊቱን ሸፍኗል። በሦስተኛው አንድ የዘይት ቱቦ ላልቶ ከኋላዬ ጭስ እየተጎተተ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ አይቶታል፣ አባዬ ብቻ አላየም። ባንዲራ ያዡ ነው ያስቆመኝ፤ ምንም አልሆንኩም፣ ቱቦውም በደቂቃ ታሰረ። ለካ አባዬ ወደ እሱ በመጣሁ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል! ልጄ በዚያ ፍጥነት ስትመጣ ማየት አልችልም አለ። ኮስታራው ሁለታችንንም ጠርቶ «መኪናዋ አልፋለች፤ አባትሽ ወድቋል። ዓይኑን የማይጨፍን ሰው ካላመጣችሁ መነሻው ላይ አላቆማትም» አለና ሄደ።

ማንን ላምጣ ብዬ አሰብኩ። ውድድሩ እሑድ ነው፤ የቦቴው በያጅ ደግሞ እሑድም ይሠራል። አክስቴ «እኔ ልያዝ» አለች፣ ካሳ መሆኑ ነው፤ እሷ ግን ሰሌዳውን ትታ ከጎኗ ካለው ጋር ወሬ ትይዛለች። ጓደኞቼ በፍርሃት ከእኔ ይብሳሉ።

እትዬ፣ ያን ቀን ለምን «አላየሁም» እንዳልኩ ነግሬሽ አላውቅም። የጭነት መኪናው ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ፣ ጭፍን። አንቺ ግን አልጨፈንሽም። ግንቡን አየሽ፣ ባዶውን መንገድ አየሽ፣ እኔን አየሽ፣ የሚመጣውንም እስኪደርስ ድረስ አየሽው። ሳያዩ እንደዚያ አይዞርም።

ነይ። መኪና መንዳት የለብሽም፤ ባቡሩ ሜዳው አጠገብ ይቆማል። ግንቡ ጀርባ ወንበር አስቀምጥልሻለሁ፣ ትራስም አደርግበታለሁ፣ ሰሌዳው እንደ ትሪ ቀላል ነው። ያን ቀን ብቻ አይተሽኝ መመለስ ከፈለግሽም አልይዝሽም። ግን በዚያ ፍጥነት ስመጣ ከግንቡ ጀርባ አንድ የተከፈተ ዓይን እፈልጋለሁ፣ እሱም ያንቺ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

ፈጣሪ ዳሌሽን ይማርልኝ። እህትሽን ያኑርልሽ፤ ስለያዘችሽ ውለታዋ አለብን። እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ፣ ያንን ዝናብ ከሕልምሽ ያውጣልሽ። በር ላይ ቆመን ለመቀበል ያብቃን።

ልጅሽ